የከሰል ጭረት

ከደቻቱ ወዲህ ማዶ፣ ሦስት መንገድ ከሚላተም፣
መብራት የለ፣ ምልክት የለ፤ ቀድሞ የገባ ነው የሚቀድም።
ከሲሚንቶ ጫኝ ተሳቢ፣ ከግመል ጭነት፣ ከጋሪ፣
እኛም አለን ባለሦስት እግር፣ ቀዳዳ ፈልጎ አዳሪ።

ጥጉ ላይ የተናደ ግንብ፤ ከግንቡ ሥር አዴ ሙንተሃ፣
ሳንቡሳ ጠባሿ፤ ጥላዋ ጆንያ፣ መጠጧ የሞቀ ውሃ።
ፍሬን ሲያፏጭ ቀና አትልም፣ ለምዶታል ጆሮዋ ነገሩን፤
ከፉጨቱ ቀጥሎ ግን፣ ጓ ሲል ከሰማች ብረቱን፣
ትነሳለች። ከምድጃዋ፣ ትመርጣለች ከሰል አንድ፤
ግንቡ ላይ ትጭረዋለች፣ አንድ ጭረት ለአንድ ጉድ።
ለሞተ ሰው ስንዝር ሙሉ፣ ለቆሰለ ጣት የሚያህል፣
ነጥብ ደግሞ ከግርጌው፣ ለተገጨ በግ፣ ለፍየል።

ከነዚያ መሀል አንዱ፣ ከግራ ሰባተኛው፣ አጭሩ፣
እኔ ነኝ።

ከምሳ በፊት ነበር፤ ጉንጬ ሞልቶ፣ ዓይኔ ፈጦ፣
የድሬ ፀሐይ አናት ላይ፣ እንደ አበዳሪ ተቀምጦ።
ሩሚያ፣ የሦስተኛ ክፍል፣ ቦርሳዋ ከሷ የሚከብድ፣
ጠርዝ ላይ ቆማ ታያለች፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገድ።
ያቆማል ብላ ገባች፤ ትቆማለች ብዬ ነዳሁ።
እግሯን ነው። ዳነች። ዛሬም ስታነክስ አያታለሁ።

አባቷ አልከሰሰኝም። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቅን፤
ዘይትና ስኳር ይዤ ሄድኩ፣ ከአንድ ትሪ ተምር በላን።
ስወጣ በር ላይ ያዘኝና፣
«ዋሪያ» አለኝ፣ «አንተን ይቅር ብያለሁ፤
መንገዱንስ ማን ይቅር ይበል?»

ቀበሌ ወደ ትራፊክ፣ ትራፊክ ወደ መንገዶች፣
ሁለት ወር ተንከራተትን፣ እንደ አድራሻ የለሽ ፖስታዎች።
በመጨረሻ አንዱ፣ ማራገቢያ ሥር የተቀመጠ፣
«ማስረጃ አለ?» አለን፤ «ቁጥር፣ ቀን፣ በወረቀት የተገለጠ?»
«ግንብ አለኝ» አለችው አዴ።
ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳቁም የደከመ ሰው ሳቅ።
«እናቴ፣ ግንብ ፋይል አይገባም፤ በግንብ በጀት አልጠይቅ።»

ከዚያ እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ከየት እንደሆን አልሰማንም።
ሰኞ ማለዳ ቀቢዎች መጡ፤ ግንቡ የማን ነው አላሉም።
ነጭ ቀቡት።
እንግዳው በሌላ መንገድ አለፈ።

አርባ አንድ ጭረት፣ በአንድ ጠዋት።
ነጩ ግንብ ፊት ቆምኩና፣
ፍርድ ቤት ነፃ እንዳለው ሰው፣ ትከሻዬ ቀለለኝ።
ስለቀለለኝ አፈርኩ።

አዴ ሙንተሃ ዝም። ቀቢዎቹ የረሱትን ሁለት ቆርቆሮ ቀለም
በእግሯ ወደ ምድጃው ገፋች፣ ጆንያ ጣል አደረገችበት፤
ማታ ሥራ ስንጨርስ ጠራችን። «መጥረጊያ አምጡ» ብቻ አለች።

ሮብሌ ባጃጁን አጋድሞ፣ መንገዱን ወዲያ ወዲህ ዘጋ፤
ምንተስኖት በሲባጎ ለካ፤ እኔ ቀባሁ እስኪነጋ።
የመጀመሪያው ቀጥ አለ። ሦስተኛው ተጣመመ፣ ውሻ ሲያልፍበት፤
ስምንተኛው ግማሽ ላይ ቀረ፣ ቀለሙ አልቆበት።

ጠዋት ትራፊኩ መጣ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው።
«ማን ፈቀደላችሁ?» አለ። መልስ የሰጠው አልነበረም።
ልጆቹ ጠርዝ ላይ ተሰልፈዋል።
ሱሪውን አራገፈ፣ ፊሽካውን ነፋ፣ መሀል ገባ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም፣ አቦ።
የአወዳዩ አይሱዙ ዛሬም አይቆምም፤
ጫቱ ይጠወልግበታል፤ ሰው ግን አይጠወልግም መሰለው።
እኛም አንዳንዴ እንረሳለን።

ትናንት ግን ሩሚያ ቆማ አየችኝ።
ከአሥር እርምጃ ርቄ አቆምኩ፤ ሞተሩንም አጠፋሁት፣ እንድትሰማ።
ከኋላዬ «ንዳ እንጂ!» አሉ ተሳፋሪዎቹ።
ነጭ ነጩን እየመረጠች፣ በዚያች እግሯ፣ ቀስ እያለች፣
ግማሿ መስመር ጋ ስትደርስ ዘለለች።

አዴ ሙንተሃ ነጩ ግንብ ፊት፣ ከሰል በእጇ ይዛ ቆማ ነበር።
አልጫረችም።
አልጣለችውምም።